የሄልምሆልዝ የድምፅ ትምህርት በበገና ፊት

ስለ ሙዚቃ ድምፅ ከጥንት ጀምሮ የተጻፈው ነገር በሁለት መንገድ ሲሄድ ይታያል። አንደኛው ወገን ቍጥርና ሚዛን ይዞ ድምፅ ከምን እንደሚነሣ፥ በአየር እንዴት እንደሚጓዝ፥ ጆሮም እንዴት እንደሚቀበለው ይመረምራል። ሁለተኛው ወገን ድምፅ በሰው ልብ ላይ ያለውን ሥልጣን ተመልክቶ ይደነቅና ምክንያቱን ወደ ምሥጢር ያሳርጋል። ሁለቱ ወገኖች ብዙውን ጊዜ ሳይገናኙ ይኖራሉ። የመጀመሪያው ሁለተኛውን ተረት ነጋሪ ይለዋል፤ ሁለተኛውም የመጀመሪያውን እህሉን ሳይቀምስ የሚሰፍር ነጋዴ ያደርገዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው መጽሐፍ ለመጀመሪያው ወገን ዋና መሠረት የሆነው ነው። ይኸውም ጀርመናዊው ሐኪምና የተፈጥሮ ሊቅ ሄርማን ፎን ሄልምሆልዝ በ1863 ያሳተመው፥ ስሙ በአማርኛ «የድምፅ ስሜቶች ትምህርት» ሊባል የሚችለው ታላቅ ድርሰት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

መጽሐፉ ከታተመ ከአንድ መቶ ስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። እንዲህ ያረጀ የሳይንስ መጽሐፍ ለታሪክ ጸሐፊዎች ይተዋል እንጂ ሒስ አይጻፍበትም የሚል ይኖራል። የእኛ ምክንያት ግን ሌላ ነው። መጽሐፉን ራሱን ያነበበ ሰው ጥቂት ሲሆን፥ ከእርሱ ተቀድቶ፥ ከቅጂውም እንደገና ተቀድቶ ወደ ሙዚቃ መማሪያዎች የገባው ትምህርት ግን በብዙዎች አፍ ላይ ይገኛል። ተማሪው «ሳይንስ እንዳረጋገጠው» እየተባለ፥ እነዚህ የድምፅ ርቀቶች የተፈጥሮ ናቸው፥ እነዚያ ግን አይደሉም፤ ይህ ንጹሕ ድምፅ ነው፥ ያኛው ሁካታ ነው ሲባል ይሰማል። ከዚያ በኋላ ትዝታን፥ ባቲን፥ አምባሰልንና አንቺሆዬን በዚያው መለኪያ ሲለካቸው የጐደሉ ወይም የተዛነፉ ሆነው ይታዩታል። ይህ ስሕተት ከመጽሐፉ የመጣ ነው ወይስ ከአንባቢዎቹ? ጥያቄው የሙዚቃ ተማሪን ብቻ የሚመለከት ሳይሆን የሕዝብን ልማድ የሚያጠናውን ሁሉ የሚነካ ነው።

ሄልምሆልዝ በ1821 በፖትስዳም ተወልዶ በ1894 ያረፈ ሰው ነው። ሥራውን የጀመረው በጦር ሠራዊት ሐኪምነት ሲሆን፥ በ1851 የዓይንን ውስጥ ለመመልከት የሚያስችለውን መሣሪያ ፈልስፎ በመላው አውሮፓ ታወቀ። የድምፁን መጽሐፍ ያሳተመው በሃይደልበርግ መምህር በነበረበት ጊዜ ነው። ሐኪምነቱን ማስታወስ ይገባል፤ ምክንያቱም መጽሐፉ የሙዚቃን ውበት ከመናገሩ በፊት በመጀመሪያ የሚጠይቀው ጆሮ የተባለው የሥጋ ክፍል ምን ይችላል ብሎ ነው።

ከእርሱ በፊት የነበረው ትምህርት እስከ ምን ድረስ በተረት ላይ የቆመ እንደ ነበረ ለማየት የፓይታጎራስን መዶሻዎች ማስታወስ ይበቃል። ፈላስፋው በአንጥረኞች ደጃፍ ሲያልፍ የመዶሻዎቹ ድምፅ ስምም ሆኖ ቢሰማው ገብቶ መዘናቸው፤ ክብደታቸውም 12፥ 9፥ 8 እና 6 ሆኖ ተገኘ፤ ከዚህም የተስማሚ ድምፆችን ቍጥር ዐወቀ ይባላል። ኒቆማኮስና ቦኤቲዩስ ይህን ጽፈው ለኋለኞቹ አስተላለፉ። ነገሩ ግን ሐሰት ነው። የመዶሻ ድምፅ በዚህ ዓይነት ከክብደቱ ጋር አይሄድም። ተረቱ እንደሚቀጥለው ያንኑ ክብደት በአውታር ላይ ቢያንጠለጥሉትም አይሠራም፤ አውታሩ በስምንተኛው ድምፅ ከፍ እንዲል ከተፈለገ ክብደቱ ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ መሆን አለበት። እውነት የሆነው የአውታሩ ርዝመት ብቻ ነው፤ አውታሩ በግማሽ ሲያጥር ድምፁ አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል፥ በሁለት ሦስተኛው ሲያዝ ደግሞ አምስተኛው ድምፅ ይሰማል። ይህን ስሕተት በግልጽ ያጋለጠው የሥነ ፈለክ ሊቁ የጋሊሌዎ አባት፥ ሙዚቀኛው ቪንቼንዞ ጋሊሌይ ነው፤ እርሱም በ1589 ያሳተመው ነው። ከአንድ ሺህ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ያን ሁሉ ሊቅ መዶሻ አንሥቶ ከመመዘን ምን እንደ ከለከለው ያስገርማል፤ አንጥረኛ ያልነበረበት ከተማ አልነበረምና።

ሄልምሆልዝ ግን መዝኖአል። የመጽሐፉ ትልቅ ክብር በዚህ ላይ ነው። አንድ የሙዚቃ ድምፅ ለጆሮ አንድ ቢመስልም በእውነቱ የብዙ ድምፆች ማኅበር ነው። አውታር በሰኮንድ 100 ጊዜ ቢነዝር፥ ከዚሁ ዋና ድምፅ ጋር በ200፥ በ300፥ በ400 እያለ የሚከተል የተከታዮች ሰልፍ አብሮ ይወጣል። ሄልምሆልዝ እነዚህን ተከታዮች አንድ በአንድ ለመያዝ ባዶ የመስታወትና የናስ ድቡልቡሎችን አሠራ። እያንዳንዱ ድቡልቡል የሚያስተጋባው አንድን ድምፅ ብቻ ስለሆነ፥ ጆሮ ላይ ሲያስጠጉት ያ ድምፅ በማኅበሩ ውስጥ ካለ ጎልቶ ይሰማል፤ ከሌለ ዝም ይላል። በዚህ መንገድ ዋሽንትና መሰንቆን የመሳሰሉ ልዩ ልዩ መሣሪያዎች አንድ ዓይነት ድምፅ እያወጡ ለምን ለየብቻቸው እንደሚታወቁ አስረዳ፤ ልዩነቱ የተከታዮቹ ብርታት ነው። እኛ «የድምፅ መልክ» የምንለው ነገር በዚህ ዓይነት ለመጀመሪያ ጊዜ በሚዛን ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በፊት መልክ ተብሎ ከመደነቅ በቀር ማንም ያሰፈረው አልነበረም።

ሆኖም በዚሁ በመጽሐፉ መግቢያ ላይ አንድ ድንበር ተሠምሮአል፤ ሒሳችን የሚጀምረውም ከዚያ ነው። ሄልምሆልዝ ድምፅን ሁለት አድርጎ ይከፍላል። ንዝረቱ በእኩል ጊዜ እየተመላለሰ የሚሄደው የሙዚቃ ድምፅ ነው፤ ሥርዓት የሌለው ደግሞ ሁካታ ነው። የቀስቱን መፋቅ፥ የትንፋሹን መንሾክሾክ፥ የድምፁን አጀማመርና አጨራረስ አያውቃቸውም ማለት አይደለም፤ ያውቃቸዋል፥ ይጠቅሳቸዋልም። ነገር ግን ጸንቶ የሚቆየውን የድምፁን መካከል ብቻ ለመመርመር ሲል ወደ ጎን ይተዋቸዋል። ለአንድ መርማሪ ሥራን መወሰን ነውር አይደለም። ነውሩ ከእርሱ በኋላ የመጡት ይህን የሥራ ድንበር የሙዚቃ ድንበር አድርገው መቀበላቸው ነው። ደግሞም ወደ ጎን የተተወው ነገር ቀላል አልነበረም። በ1964 ሳልዳንያና ኮርሶ የተባሉ ተመራማሪዎች የመሣሪያዎችን ድምፅ ቀድተው መነሻውን እየቈረጡ ባሰሙ ጊዜ አድማጮቹ መሣሪያዎቹን ለይቶ ማወቅ በጣም ተቸገሩ።

ወደ በገና እንምጣ። በገና ዐሥር አውታር ያለው፥ ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ መሣሪያ ነው። ከገበታው ላይ ሁለት ምሰሶዎች ይነሣሉ፤ በላያቸውም ቀንበሩ ተጋድሞ አውታሮቹን ይይዛል። አውታሮቹ በልማድ ከበግ አንጀት የሚሠሩ ናቸው። ከዐሥሩ መካከል ድምፅ የሚሰጡት ግማሽ ያህሉ ሲሆኑ የቀሩት ለጣት ማሳረፊያ ይሆናሉ። ከሌሎቹ የአገራችን የአውታር መሣሪያዎች የሚለየው ግን በርኩማው ላይ ነው። በዚያ ላይ በእያንዳንዱ አውታርና በእንጨቱ መካከል እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቍራጭ ትገባለች። ደርዳሪው እንዚራዋን ጥቂት ወደ ፊት ጥቂት ወደ ኋላ እያለ ቦታዋን ይፈልጋል። ትክክለኛ ቦታዋ ላይ ስትደርስ አውታሩ እንደ ንብ መንጋ መጮኽ ይጀምራል፤ ቦታዋን ስትስት ድምፁ ደረቅና አጭር ይሆናል። በገና መቃኘት ማለት እንግዲህ ሁለት ሥራ ነው፤ አንዱ የአውታሩን ከፍታ፥ ሁለተኛው የእንዚራውን ጩኸት ማግኘት ነው። ደርዳሪዎች ብዙ ጊዜ የሚደክሙት በሁለተኛው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የድምፅ መቅረጫ ክፍል ተገኝቼ ነበር። ደርዳሪው አዛውንት ነበሩ። መሣሪያውን የሚቈጣጠረው ወጣት ገና የመጀመሪያው አውታር ሲነካ ሥራውን አቆመና ሽቦዎቹን መመርመር ያዘ፤ ድምፅ ማጉያው የተበላሸ መስሎት ነበር። ሽቦው ደኅና መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ አዛውንቱን ያንን የሚንጫጫ ነገር ሊያስቀሩት ይችሉ እንደሆነ በትሕትና ጠየቃቸው። እርሳቸውም እንዚራውን አውጥተው አንድ ጊዜ አሰሙትና፥ ይህ በገና አይደለም ብለው መልሰው አስገቡት። ወጣቱ በትምህርቱ የተገራ፥ ሥራውን የሚያከብር ሰው ነበር። የሰማውን የሰማው በተማረው ጆሮ ነው፤ በሄልምሆልዝ መክፈያ መሠረትም ያ ድምፅ ከወዲያኛው ወገን የተሰለፈ ነበር።

አሁን ነገሩን በሳይንሱ በራሱ እንመርምረው። ቶማስ ያንግ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ያገኘው፥ ሄልምሆልዝም ያጸናው አንድ ሕግ አለ። አውታር በተነካበት ሥፍራ ላይ ጸጥ ብሎ መቆም የነበረበት ተከታይ ድምፅ ሁሉ ከሰልፉ ይጐድላል። ለምሳሌ አውታር በመካከሉ ቢመታ ሁለተኛው፥ አራተኛውና ስድስተኛው ተከታይ አይወጡም። በ1921 ግን የህንዱ ሊቅ ራማን፥ ኋላ በ1930 በብርሃን ምርምሩ የኖቤል ሽልማት ያገኘው፥ ስለ አገሩ የአውታር መሣሪያዎች ባወጣው አጭር ጽሑፍ ይህ ሕግ ለቪናና ለታምቡራ እንደማይሠራ አስታወቀ። በእነዚህ መሣሪያዎች አውታሩ የትም ቢነካ፥ መጥፋት የነበረባቸው ተከታዮች በሙሉ ብርታት ይሰማሉ። ምክንያቱ የድልድዩ ቅርጽ ነው። አውታሩ በሰላ ጠርዝ ላይ አይጨርስም፤ በጥቂቱ ጎበጥ ባለ ገጽ ላይ ተኝቶ በነዘረ ቍጥር ገጹን እየነካ ይለቃል። ይህ መነካካት ከዝቅተኛዎቹ ንዝረቶች ኀይል እየወሰደ ለከፍተኛዎቹ ያከፋፍላል። የሰልፉ ሥርዓት ሳይፈርስ የኋለኞቹ ይበረታሉ ማለት ነው። በታምቡራ ላይ ይህን የሚያስተካክለው ከአውታሩ በታች የሚገባ ቀጭን ክር ነው፤ በበገና ላይ ደግሞ ቆዳው። ሁለቱ ሩቅ አገሮች በአንድ ዘዴ ላይ ደርሰዋል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለክርክራችን ዋና ነው። የእንዚራው ጩኸት በሄልምሆልዝ በራሱ መለኪያ ሲታይ ሁካታ አይደለም፤ ንዝረቱ እየተመላለሰ የሚሄድ፥ በተከታዮች የበለጸገ የሙዚቃ ድምፅ ነው። መቅረጫ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ወጣት ሽቦውን የተጠራጠረው ከሳይንስ የተነሣ አልነበረም። ሳይንሱን ቀርቶ የአውሮፓን የአዳራሽ ልማድ ነበር የተከተለው። የዚያን ልማድ ፍርድ በሳይንስ ስም ማወጅ መጽሐፉን ካላነበቡ ሰዎች የመጣ ነው።

ደግሞም በገና በዚህ ብቻውን አይደለም። የሾና ሰዎች በምቢራቸው ላይ ዛጎል ወይም የጠርሙስ ክዳን ይሰቅሉበታል፤ የማንዲንካ ኮራ ደርዳሪዎች የሚንሻሽ ቀለበት ያለበት የብረት ሰሌዳ ድልድዩ ላይ ይሰኩ ነበር፤ በባላፎን ቅሎች ላይ ያለውን ቀዳዳ በሸረሪት ድር ሽፋን ይዘጉታል፤ ጃፓኖችም ለሻሚሴናቸው «ሳዋሪ» የሚሉትን ንዝናዜ በጥንቃቄ ያዘጋጃሉ። በዓለም ላይ ያለውን ሁሉ ብንቈጥር፥ ሊጠየቅ የሚገባው እነዚህ ሰዎች ድምፃቸውን ለምን እንደሚያሻክሩት ነው ወይስ አውሮፓ የራሱን ለምን እንዳጠበው? ሁለተኛው ጥያቄ እምብዛም ሲጻፍበት አይታይም።

አሁን መጽሐፉ በእውነት ወደ ተሳሳተበት ቦታ እንሂድ። በ1840ዎቹ መጀመሪያ ላይ ዜቤክና ኦም በተባሉ ሁለት ጀርመናውያን መካከል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ዜቤክ በቀዳዳ ሳህን በሚጮኽ መሣሪያ ሲፈትን፥ ዋናው ድምፅ እጅግ ደካማ በሆነበት ጊዜ እንኳ ጆሮ ያንኑ ዋና ድምፅ በሙሉ ብርታት እንደሚሰማው ተመለከተ። ኦም ግን ጆሮ የሚሰማው በንዝረቱ ውስጥ በእርግጥ ያለውን ብቻ ነው፥ ሌላው የመስማት ስሕተት ነው አለ። ሄልምሆልዝ ለኦም ፈረደ፤ ፍርዱም በስሙ ክብደት የተነሣ ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት ጸና። ከ1938 ጀምሮ ሆላንዳዊው ስኮውተን ነገሩን እንደገና ሲመረምር ዜቤክ የሰማው እውነት ሆኖ ተገኘ። 400፥ 600 እና 800 ንዝረት ያላቸው ድምፆች አብረው ቢሰሙ፥ በመካከላቸው 200 ባይኖርም አድማጩ የ200ን ከፍታ ይሰማል። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የቈየው የስልክ መሥመር ከ300 ንዝረት በታች ያለውን አያሳልፍም ነበር፤ የጐልማሳ ወንድ ድምፅ መሠረት ደግሞ ከዚያ በጣም ዝቅ ያለ ነው። ቢሆንም አባታቸው በስልክ ሲናገሩ የሰማ ሰው እናቱ ናቸው ብሎ የተሳሳተበት ጊዜ የለም። የጐደለውን መሠረት የሚሞላው ሰሚው ራሱ ነው።

ይህም ለበገና ምን ይሆናል? የበገና አውታሮች ዝቅተኛ ድምፅ ያላቸው ናቸው፤ ገበታው ግን እንዲህ ያለውን ዝቅተኛ ድምፅ በብርታት ወደ አየር ለመላክ ትንሽ ነው። እንዚራዋ ያበዛቻቸው ከፍተኛ ተከታዮች ጆሮ ውስጥ ደርሰው ያንን ጥልቅ ድምፅ እንዲገነባ ያደርጉታል። የንቡ ጩኸት ጥልቁን ድምፅ የሚሸፍን ጕድፍ መስሎ የታየው ሁሉ እዚህ ላይ ይገለበጣል፤ ጥልቀቱ የሚሰማው በጩኸቱ አማካይነት ነው። ወጣቱ ያን ጩኸት በማጥሪያ ቢቀንሰው ኖሮ ጥልቀቱንም አብሮ ያጣው ነበር።

ስለ ጆሮ አሠራር ረጅም አንናገርም፤ የሐኪሞች ነገር ነው። ሄልምሆልዝ በውስጠኛው ጆሮ፥ ቀንድ አውጣ በሚመስለው አካል ውስጥ የተዘረጋውን ስስ ሽፋን እንደ ፒያኖ አውታሮች አድርጎ አየው፤ እያንዳንዱ ክፍል ለየራሱ ድምፅ ይመልሳል አለ። ሃንጋሪያዊው ቤኬሺ በሽፋኑ ላይ የሚሄድ ማዕበል መኖሩን አሳይቶ በ1961 የኖቤል ሽልማት አገኘ። በ1978 ደግሞ እንግሊዛዊው ኬምፕ ጆሮ ራሱ ድምፅ እንደሚያወጣ፥ ማለት ከውጭ የመጣውን የሚያበረታ ሕያው ሥራ በውስጡ እንዳለ አስታወቀ። ስለዚህ ምሳሌው ተሻሽሏል እንጂ ከፍተኛና ዝቅተኛ ድምፅ በሽፋኑ ላይ የየራሱ ቦታ አለው ያለው አሳቡ አልወደቀም።

ወደ ከባዱ ነጥብ እንመለስ፤ ይኸውም የድምፅ ስምምነት ነው። ሄልምሆልዝ የፓይታጎራስን ቍጥሮች በሥጋዊ ምክንያት ሊተካ አሰበ። በሰኮንድ 200 እና 206 ጊዜ የሚነዝሩ ሁለት ድምፆች አብረው ሲሰሙ በሰኮንድ ስድስት ጊዜ የሚመታ ትርታ ይሰማል። ትርታው እየፈጠነ ወደ ሠላሳ ገደማ ሲደርስ ጆሮ መቍጠር ያቅተውና ሻካራነት ብቻ ይሰማል። ሁለት ድምፆች ከነተከታዮቻቸው ሲገናኙ እንዲህ ያለ ሻካራነት ከበዛ ይጋጫሉ፥ ካነሰ ይስማማሉ። አሳቡ ውብ ነው፤ በ1965 ፕሎምፕና ሌቬልት የተባሉ ሆላንዳውያን በአዲስ ፈተና ከፊሉን አጽንተውታል። ነገር ግን ሻካራ የሆነ ሁሉ መጥፎ ነው ወደሚለው መደምደሚያ መሻገሩ ሌላ ነገር ነው። የባሊ ደሴት ሰዎች የጋሜላን መሣሪያዎቻቸውን ጥንድ ጥንድ አድርገው ሲሠሩ አንደኛውን ከሌላው በጥቂቱ ከፍ ያደርጉታል፤ ይህም ትርታው እንዲሰማ ተብሎ በዕውቀት የሚደረግ ነው። ትርታ የሌለው ጋሜላን ለእነርሱ የሞተ ነው። በ2016 ደግሞ ማክደርሞትና ጓደኞቹ በቦሊቪያ ቆላ ከሚኖሩት ከጺማኔ ሕዝብ ያገኙትን ውጤት አሳተሙ። እነዚህ ሰዎች በኅብረት ተስማምቶ የመዝፈን ልማድ የሌላቸው ሲሆኑ፥ ለአውሮፓ ጆሮ የሚስማሙትንና የሚጋጩትን ድምፆች እኩል አስደሳች ብለው ፈረዱ፤ ሻካራነትን ራሱን ግን እንደ ማንኛውም ሰው ጠልተዋል። ሻካራነትን መስማት የሁሉ ጆሮ ነው፤ የድምፆችን ግጭት መጥላት ግን የሚወረስ ልማድ ነው ማለት ነው። ሁለቱን አንድ ያደረገ ትምህርት በዚህ ላይ ተሰንጥቋል።

ፍትሕ ለመስጠት ያህል አንድ ነገር መናገር አለብን። ሄልምሆልዝ ራሱ በመጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል የሙዚቃ ስልቶችና የኅብረ ድምፅ ሥርዓት በማይለወጡ የተፈጥሮ ሕጎች ላይ ብቻ የቆሙ እንዳይደሉ፥ ከሰው ልጅ ዕድገት ጋር በተለወጡና ወደ ፊትም በሚለወጡ የውበት አሳቦች ላይም እንደሚመሠረቱ በግልጽ ጽፎአል። የዐረቦችን፥ የፋርሶችን፥ የቻይናዎችንም ስልት ለመመርመር ገጾች ሰጥቶአል። መጽሐፉን «የተፈጥሮ ሙዚቃ» ሕግ ያደረጉት ሰዎች ይህን ክፍል ዘለውታል። እርሱ ግን በጆሮው ከዘመኑ አልወጣም፤ የፒያኖው እኩል አከፋፈል የሚያሻክራቸውን ሦስተኛ ድምፆች እየጠላ ለንጹሖቹ የተቃኘ ሃርሞኒየም አሠርቶ በእርሱ ሲሞክር፥ የሚፈትነው ሁልጊዜ ያንኑ የጀርመንን ኅብረ ድምፅ ነበር።

ይህን ጕድለት ቀድሞ ያየው ሰው ተርጓሚው መሆኑ በጣም ደስ ያሰኛል። እንግሊዛዊው አሌግዛንደር ኤሊስ መጽሐፉን በ1875 ወደ እንግሊዝኛ መልሶ፥ ሁለተኛውን እትም በ1885 አወጣ። በዚያው በ1885 የልዩ ልዩ ሕዝቦችን የሙዚቃ ስልት ለክቶ ባቀረበው ጽሑፍ፥ የሙዚቃ ስልት አንድ እንዳልሆነ፥ «የተፈጥሮ» እንዳልሆነ፥ ሄልምሆልዝ ባማረ ሁኔታ ባብራራቸው የድምፅ ሕጎች ላይም የግድ እንደማይመሠረት ደመደመ። ኤሊስ ራሱ ድምፅን በጆሮው መለየት የማይሆንለት ሰው ነበር፤ የሚሰማለት ሂፕኪንስ የሚባል የፒያኖ ዐዋቂ ነበረ። ሙዚቃን በጆሮው መፍረድ የማይችል ሰው ከሰሚዎቹ ሁሉ ይልቅ የጆሮን ልማድ ማየቱ ለእኛ ለተማሪዎች ትንሽ ትምህርት አይደለም።

ኤሊስ የተወልን መለኪያ «ሴንት» ይባላል፤ አንዱን ኦክታቭ በ1200 ይከፍለዋል። በዚህ ሲለካ የፒያኖው አምስተኛ ድምፅ 700 ሲሆን ንጹሑ 702 ነው፤ ልዩነቱ አይሰማም ለማለት ይቻላል። የፒያኖው ትልቁ ሦስተኛ ግን 400 ሲሆን ንጹሑ 386 ነው። ፒያኖ ራሱ በተፈጥሮ ስም ሊፈርድ እንደማይችል ይህ ቍጥር ብቻውን ይበቃል። ክራር ደርዳሪ ቅኝቱን በጆሮው ሲያገኝ ከፒያኖው ቢለይ፥ «ተዛነፈ» ከማለታችን በፊት ከምን እንደ ተዛነፈ መናገር ይገባናል። የቤተ ክርስቲያናችንንም ዜማ በአምስት መሥመር ማስታወሻ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈው ቪዮቶ፥ ከናፖሊዮን ዘመቻ ጋር ወደ ግብጽ የመጣው ፈረንሳዊ፥ በካይሮ ካገኛቸው ኢትዮጵያውያን ካህናት ሰምቶ ግዕዝን፥ ዕዝልንና አራራይን በአገሩ ጆሮ አስቀመጣቸው። በሊቃውንቱ ዘንድ ያለው ምልክት ግን የከፍታ ቍጥር አይናገርም፤ በቃል የተጠናውን የዜማ ሐረግ ያስታውሳል። ምልክቱ የሚነበበው ቀድሞ በሰማ ሰው ብቻ ነው፤ ስለዚህም በማስታወሻው ላይ ያልሰፈረው ክፍል ከሰፈረው ይበልጣል።

የምሥጢሩን ወገን ደግሞ ሳንመረምር ብንተወው አድልዎ ይሆናል። ልማድ እንደሚነግረን በገና የንጉሥ ዳዊት ነው፤ ከኢየሩሳሌምም ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር መጣ፤ ዐሥሩ አውታሮችም የዐሥሩ ትእዛዛት ምሳሌ ናቸው። በዓቢይ ጾም በየቤቱ ይደረደራል፤ ሰሚው ያለቅሳል። ይህ ልማድ የሰሚውን ጆሮ የሚያዘጋጅ እውነተኛ ኀይል ስለሆነ ለሥነ ሕዝብ ተማሪ ከንዝረቱ ቍጥር የማያንስ ማስረጃ ነው። የቤልጅግዋ ተመራማሪ ስቴፋኒ ቫይሰር ስለ በገና ባደረጉት ጥናት የድምፁን መልክና የሰሚዎቹን ስሜት አብረው ማየታቸው ስለዚህ ያስመሰግናቸዋል። የማንቀበለው ግን ቅድስናው በጩኸቱ ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል የሚለውን ነው። ተመሳሳይ ጩኸት በሌላ አገር ለጭፈራ ያገለግላልና። ይልቁንም በቅርብ ጊዜ በሰኮንድ 432 ንዝረት የሚባለው ቍጥር የሰማይ ቃኝት ነው እየተባለ ሲነገር፥ ለበገናም ሲሰጥ እንሰማለን። የፒያኖው 440 በ1939 በሎንዶን ስብሰባ ላይ የተስማሙበት የሰው ውል ነው፤ 432ም ከዚህ የተለየ የዘር ሐረግ የለውም። ሰኮንድ ራሷ የሰው መከፋፈያ ናት። ደርዳሪው ደግሞ በገናውን የሚቃኘው ለገዛ ድምፁ እንዲስማማ አድርጎ ስለሆነ የአንዱ ደርዳሪ መነሻ ከሌላው ይለያል። አንድ ቍጥር ለሁሉ ይሁን የሚሉት በገና ሲቃኝ አላዩም።

አሁን ሊሠራ የሚገባው ሥራ ትንሽና ግልጽ ነው። አንድ ደርዳሪ፥ አንድ በገና፥ እያንዳንዱ አውታር ከእንዚራው ጋርና ያለ እንዚራው፥ እንዚራውም ቦታውን ስቶ ሳለ ይቀረጽ፤ የአንጀት አውታር በናይለን በተተካበት በገና ላይም ይደገም፤ ደርዳሪው ሲያዳምጥ የሚናገረው ቃልም አብሮ ይጻፍ። ይህ በቶሎ ካልሆነ የሚመጣውን ከአሁኑ ማየት ይቻላል። በዚያ መቅረጫ ክፍል አዛውንቱ እንዚራቸውን መልሰው ቢያስገቡም፥ ወጣቱ በኋላ ብቻውን ሆኖ ከፍተኛዎቹን ድምፆች በማጥሪያ ዝቅ አድርጎ አወጣው። ቅጂው ዛሬ በገበያ ላይ ይገኛል፤ ከእርሱ ላይ የሚለካ ተማሪም የበገና ተከታይ ድምፆች ደካሞች ናቸው ብሎ ይጽፋል።